ለትሩዳ ጆሮ የሚሆን

አሎይዝ ካንጃ የሚኖረው ከራሴ በላይ ነው፤ የእሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው። በፖላንድ ሩዳ ከተማ ያለው ሕንፃችን ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች ተብሎ በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው። አንዱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ሌላው ቤት ያለው ሰው ሊያነሳ ጎንበስ ይላል። በዚያ ላይ የሰፈሩ ወንድ ግማሹ ሌሊቱን ጉድጓድ አድሮ ቀን የሚተኛ ነበር፤ ቀን ላይ ሙዚቃ የከፈተ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ዓመት ይኳረፋል። አሎይዝ ደግሞ ያለ ሙዚቃ እህል የማይወርድለት ሰው። የማዕድኑ ኤሌክትሪሺያን ነበር። በጆሮ ማዳመጫ የተለከፈው ለዚህ ነው እንጂ ገንዘብ ተርፎት አይደለም።

ነገሩ በአንድ ማዳመጫ ቢቆም ጥሩ ነበር። አልቆመም። ማዳመጫ ለብቻው ግማሽ ዕቃ ነው ይል ነበር፤ ሌላው ግማሽ ድምፁን አጎልብቶ የሚልክለት አምፕሊፋየር ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆኑ ዋጋ የላቸውም። አንዳንዱ ማዳመጫ ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ኤሌክትሪኩን አጥብቆ የሚመልስ ነው። እሱን የሚያዘፍነው ውስጡ የመስታወት ቱቦዎች የሚግሉበት የድሮው ዓይነት አምፕሊፋየር ነው። ሌላው ደግሞ እምቢ አይልም፣ ግን ጠጪ ነው፤ ኤሌክትሪኩን እንደ ውሃ ስለሚጨልጠው ጉልበተኛ የሆነውን አዲሱን ዓይነት ይፈልጋል። የተስማሙትን "ሰምና ፈትል" ይላቸዋል፣ ያልተስማሙትን "ሆድና ጀርባ"።

ሰው ከጎረቤት ከተሞች፣ ከካቶቪትሴም ከግሊቪትሴም እየመጣ ያማክረው ነበር። አንድ ጊዜ ጊንተር፣ ከትራም ማቆሚያው አጠገብ ሥጋ የሚሸጠው ወዳጃችን፣ ከሚስቱ ደብቆ የገዛውን ትልቅ የጀርመን ማዳመጫ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው የሚዘፍንልኝ ብሎ አማረረ። አሎይዝ በምን እንደሚያዳምጠው ጠየቀው። ጊንተር ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

"ጊንተር፣ አንተ በሬ ገዝተህ ስታበቃ የድመት መኖ ነው ያቀረብክለት" አለው አሎይዝ።

"ታዲያ ሻጩ ምነው አልነገረኝ?"

"አንተስ ሥጋ ስትሸጥ ድስት አላቸው ወይ ብለህ ትጠይቃለህ?"

ጊንተር ያን ቀን እዚያው ቁጭ ብሎ በአሎይዝ አምፕሊፋየር ማዳመጫውን ሲሰማ ዋለ፤ ሱቁን ከፍታ የዋለችው ሚስቱ ናት።

ግን የመጨረሻው ዳኛ አሎይዝ አልነበረም፤ ሚስቱ ትሩዳ ናት። ትሩዳ በቅድስት ባርባራ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ትዘምር ነበር። አሎይዝ አንዱን ማዳመጫ ከአንዱ አምፕሊፋየር ጋር ሲያጋባ ይጠራታል፤ የእጇን ዱቄት በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ትመጣለች፤ እሱ በጆሮዋ ላይ ያደርግላታል። ዓይኗን ትጨፍናለች። መዘምራኑ ድሮ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የተቀዱትን ነው ሁልጊዜ የሚያሰማት፣ የራሷም ድምፅ አለበት።

"ሴቶቹ ከዓምዱ ኋላ ቆመዋል" ትላለች።

አሎይዝ ያወልቅላትና አንዱን ቱቦ ነቅሎ ሌላ ይተክላል። እንደገና ትሰማለች።

"አሁን ወጡ።"

ትሩዳ "ወጡ" ካላለች ሥራው አላለቀም። የማዕድኑ ተቆጣጣሪ እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም ብሎ ሲያሾፍባት "ተቆጣጣሪውን ስላላገባኸው ነው" ትለው ነበር።

በመጋቢት ወር በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስትተኩስ ታመመች። ጣሪያዬ ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ካውያው ነበር። ቀጥሎ አሎይዝ በደረጃው ስሜን እየጠራ ወረደ። ስወጣ ትሩዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን የሰው ዕቃ ይመስል ታየዋለች። አምቡላንሱ ቶሎ ደረሰ፤ በዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ስትሮክ ነው ተባለ። ግራ እጇና ግራ እግሯ ከዷት፤ አፏም ለጥቂት ጊዜ ተሳስሮ ነበር፣ እሱ ግን ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ነርሷን ስለ ሾርባው ስትገስጻት አሎይዝ ከደስታ ብዛት ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ።

እሷ ሆስፒታል ሳለች እሱ እቤቱ ቁጭ ብሎ አዲስ አምፕሊፋየር ሠራላት። አንገቷ ደክሟል ብሎ ከማዳመጫዎቹ ሁሉ ቀላሉን መረጠ፤ አምፕሊፋየሩንም ለዚያው ብቻ እንዲስማማ አድርጎ አበጀው። የጸደዩ የሊላ አበባ ፈክቶ ሳለ ወደ ቤት መጣች። ደረጃውን እኔና እሱ ደግፈን አወጣናት። ትንሽ አርፋ ሻይ ከጠጣች በኋላ ማዳመጫውን በጆሮዋ ላይ አደረገላትና መዘምራኑን ከፈተ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ፊቷን አያለሁ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ገለጠች። ከዚያ በደህናው እጇ አወለቀችው።

"አሎይዝ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ምን ሆነ?"

"ድስት ነው የሚንኳኳው።"

ራሱ አደረገው። ጥቂት ሰማና ግራ ገብቶት ለእኔ ሰጠኝ። እንደ እሱ ጆሮ የለኝም፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ትራም ስነዳ ነው፤ ግን እኔ እንኳ ሴቶቹ ከፊት ቆመው ሲዘምሩ ሰማሁ፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር። ደህና ነው አልኩት። ቱቦው ይሆናል አለ፤ አንዳንዴ ቱቦ ሲነካ ይንቋቋል አለ፤ እኔ ስነሳ ነክቼው ይሆናል አለ። ትሩዳ ደክሟት ስለነበር አስተኛናት።

ማደኑ የተጀመረው ከዚያ ነው። አሎይዝ ችግሩን እንደ ኤሌክትሪሺያን ነው የያዘው፤ ከጫፍ ተነስቶ እያንዳንዱን ይፈትሻል። ቱቦዎቹን በሙሉ ለወጠ። አሁንም ድስት ነው አለች። እንግዲያው በሽታው ጆሮዋን አሳስሶት ይሆናል፣ ቀጭኑ ድምፅ እየወጋት ነው ብሎ ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ ያለውን ከባዱን የጃፓን ማዳመጫ አመጣ። ያ ጠጪው ዓይነት ስለሆነ የእሱ አምፕሊፋየሮች አልቻሉትም፤ ካቶቪትሴ ካለ ሰው ጉልበተኛውን ተውሶ አጋባቸው። ጊንተርም ስለ ድመት መኖው ቂም ሳይዝ የጀርመኑን ማዳመጫ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እስክትድን ይቆይ አለ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት አሎይዝ ለምን ይኼኛው እንደሚሆን ያስረዳኛል፤ ነገሩም ሁሌ እውነት ይመስል ነበር። ትሩዳ ትቀመጣለች፣ ያደርግላታል፣ ትሰማለች፣ ታወልቃለች። አንድ ቀን እኔ እያለሁ "አሁን ደግሞ ሳህን ሆነ" አለችው፣ ትንሽ ተሻሽሏል እንዲል ያህል።

እኔ አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ቴሌቪዥን ስታይ የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ዜናው ሲጀመር ከፍ ታደርገዋለች። ይህን ብዙ ጊዜ አየሁ። ግን ምን ብዬ ልንገረው? ሰውየው ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

በጥቅምት መጨረሻ ዋርሶ ላይ የድምፅ ዕቃ የሚታይበት ትልቅ ትርኢት አለ። አሎይዝ እዚያ ሄደ። ከሁሉ የረቀቀ የተባለ ማዳመጫ ነበር፤ ድምፁ የሚወጣው ከፀጉር በሳሳ ሽፋን ነው፣ ሽፋኑም በኃይለኛ ኤሌክትሪክ መሐል ተንሳፍፎ ይኖራል። ይህ ዓይነት ከተራ አምፕሊፋየር ጋር ጨርሶ አይሄድም፤ ለእሱ ብቻ የተሠራ የራሱ መጋቢ አለው። ሌላ ማዳመጫም ያ መጋቢ ላይ አይሠራም። አንዱ ያለ አንዱ ሞት ነው። አሎይዝ ከሚያሳየው ሰው ፊት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለ ትሩዳ ነገረው። ሰውየው አዝኖ ለአንድ ወር አዋሰው። በባቡሩ ዕቃ ማስቀመጫ ላይ አላስቀምጥም ብሎ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ። ደረጃው ላይ ስቀበለው "ሁበርት፣ ከዚህ በላይ የለም። ከዚህ በላይ ሰው አልሠራም" አለኝ።

ያን ዕለት ትሩዳ ረጅም ጊዜ ሰማች። ከዚያ "ጥሩ ነው" አለች።

"ወጡ?"

"ወጡ።"

አሎይዝ ተንበርክኮ ጉልበቷ ላይ ግንባሩን አሳረፈ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ እኔንና ጊንተርን ጠርቶ የተጠቀለለ ሥጋና ክሉስኪ የሚባለውን የድንች ድቡልቡል፣ ቀይ ጎመንም ሠራ። ክሉስኪው ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ትሩዳ ከጉድጓዱ ይዞት የመጣ ከሰል ነው አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ያስቀምጣታል፣ ማዳመጫውን ያደርግላታል፣ መዘምራኑን ይከፍትላታል። እሱም ፊቱ ተመለሰ። ገበያ ሲሄድ ያፏጭ ጀመር።

አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቆይቶ ተመለሰ። ወረፋ ነበር። ገብቶ ከበሩ ሲያያት ትሩዳ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን በቀስታ እየወዘወዘች ተቀምጣለች። ዲስኩ ካለቀ ቆይቷል። የማጫወቻው መብራት ማቆሙን ያሳያል። እሷ ግን ትወዘወዛለች፣ እሱ ሲመጣ እየሰማች እንዲያገኛት ብላ። አሎይዝ ዳቦውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ በሩን ሳያሰማ ዘጋና ወደ እኔ ወረደ። ይህን ሲነግረኝ ዳቦው አሁንም በብብቱ ነበር። ቡና አፈላሁለት፤ አልጠጣውም።

ሐኪሟ ጋ በመኪናዬ ወሰድኩት። ወጣት ሴት ናት፣ ትዕግሥት ያላት። እኔም አብሬ እንድገባ አሎይዝ ለመነኝ። ሁሉንም ነገራት፤ የትኛውን ማዳመጫ ከየትኛው ጋር እንዳጋባ፣ ምን እንዳለች። ሐኪሟ ሳታቋርጠው ሰማችው።

"ጆሮዋ ደህና ነው፤ መርምረነዋል" አለችው። "ከእርስዎም ከእኔም ይሻል ይሆናል።"

"ታዲያ?"

"ድምፁ ይደርሳል። ደርሶ ዜማ የሚሆንበት ቦታ ነው የተጎዳው።"

አሎይዝ ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ አለ። "በአጥንት በኩል የሚልክ ማዳመጫ አለ። ጆሮን አይነካም፣ እዚህ ጋ ነው የሚደረገው" አለና ጉንጩን አሳያት።

"አቶ ካንጃ፣ በየትም በኩል ቢልኩት መድረሻው እዚያው ነው።"

"ይመለሳል?"

"ለአንዳንዱ ሰው በጥቂቱ ይመለሳል። ለአንዳንዱ አይመለስም። ለእሷ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።"

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ያናግሯት" አለች። "ንግግር ይገባታል። ሙዚቃውን ግን አያስገድዷት፤ ያማታል።"

እየተመለስን የማዕድኑ አሳንሰር ማማ ላይ ያለው ትልቅ ጎማ የሚታይበት ማዞሪያ ላይ ስንደርስ አሎይዝ "ያማታል አለች እኮ" አለ።

ቤት ስንደርስ ልተዋቸው ፈልጌ ነበር፤ ትሩዳ ግን ሁበርት ቁጭ በል አለችኝ። ፊቱን አይታ ገብቷታል። አሎይዝ ኮቱን ሳያወልቅ ከፊቷ ተቀመጠ።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"ከስተህ ነበር" አለች። "ከዋርሶ ስትገባ አንገትህ ከኮሌታህ ውስጥ ጠፍቷል። ሌላ ፍለጋ ብትሄድ ትሞትብኛለህ ብዬ ነው።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ…"

"ነግሬህ ነበር። ድስት ነው አልኩህ። ሄደህ ሌላ ድስት አመጣህ።"

ትሩዳ በደህናው እጇ የኮቱን ቁልፍ ፈታችለት።

"የአንተ ድምፅ ያው ነው" አለች። "የሁበርትም ያው ነው፣ እንደ ድሮው በአፍንጫው ነው የሚያወራው። ሰው ሲናገር ደህና ነኝ። ሲዘፍን ቃሉን እሰማዋለሁ፣ ሌላው ተሰባብሮ ነው የሚመጣው።"

"በሐሳብሽስ? ድሮ ወጥ እየሠራሽ የምታንጎራጉሪው?"

"እሱም የለም። የነበረበትን ቦታ አውቀዋለሁ። እሄዳለሁ፣ ባዶ ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ ወጣሁ።

የዋርሶውን ዕቃ አሎይዝ መልሶ ሰደደው። ሌሎቹን ወደ ሣጥናቸው ከተተ። የሚብሰው ግን ሙዚቃ ከቤት ቢወጣም ከአገር አለመውጣቱ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ኦርጋኑ ሲጀምር ትሩዳ ተደግፋ ትወጣለች፣ ስብከቱ ሲጀመር ትመለሳለች። የመዘምራን ጓደኞቿ ስሟን ያገኘችበት ቅድስት በምትከበርበት ቀን ኬክ ይዘው መጡና ሊያስደስቷት ቆመው ዘመሩላት። ትሩዳ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ እስኪጨርሱ ፈገግ አለች። ሲወጡ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲጠሯት አሞኛል ትላለች።

የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ የቅድስት ባርባራ ቀን ሲቃረብ አሎይዝ እንቅልፍ አጣ። በዚያ ቀን ገና ሳይነጋ የማዕድኑ የነሐስ መለከት ባንድ ቀይ ላባ ያለው ባርኔጣ ደፍቶ በየሰፈሩ እየዞረ ሰው ይቀሰቅሳል፤ የእኛ ሕንፃ ደግሞ የጡረተኞች መኖሪያ ነውና ሥሩ ቆመው ነው የሚነፉት። አሎይዝ የባንዱን መሪ ሄዶ ለመነው። ሰውየው ትሩዳን ያውቃታል፤ ከልቡ አዘነ። ግን አቅጣጫ መቀየር አልችልም፣ ሽማግሌዎቹ ይህን ቀን ነው ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት አለው። በቀስታ እንነፋለን ብሎ ቃል ገባለት።

ያን ጠዋት እኔም ወደ ላይ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ እንጃ፣ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ትሩዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሩቅ ከበሮው ሲሰማ አሎይዝ ሣጥን ከፍቶ አንዱን ማዳመጫ አወጣ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚያደርጉት ዓይነት ነው፣ ጆሮን ዙሪያውን ደፍኖ የውጭ ድምፅ የማያስገባ። በጆሮዋ ላይ አደረገላት። ሽቦው ወደ ወለሉ ተንጠለጠለ፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። መዳፎቹን በላዩ ላይ ጫነ።

ባንዱ ከታች ቆሞ ነፋ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ በቀስታ ነው የነፉት፤ የበዓሉ ዜማ በቀስታ ሲነፋ የቀብር ይመስላል። ሽማግሌዎቹ በየመስኮቱ ሆነው ዘንድሮ ምን ነካቸው ተባባሉ። የነሐስ ድምፅ በመዳፍና በማዳመጫ አይቆምም፤ ትሩዳ ትከሻዋን ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች። አሎይዝ አጥብቆ ይይዛታል። "ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው" ይላታል፤ ልትሰማው እንደማትችል የረሳ ይመስላል። ባንዱ ወደሚቀጥለው ሕንፃ ከሄደም በኋላ መዳፎቹን አላነሳም። ትሩዳ ናት እጁን ይዛ ያወረደችው።

አሁን ቤታቸው የሚሰማው ንግግር ብቻ ነው። አሎይዝ ጋዜጣ ያነብላታል፤ ሬድዮም ሲከፍቱ ወሬ ያለበትን ነው፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ተሯሩጦ ይዘጋዋል። ጊንተር አዲስ አምፕሊፋየር ሊገዛ ፈልጎ የትኛው ከማዳመጫዬ ጋር ይሄዳል ብሎ ቢጠይቀው የፈለግከውን ውሰድ አለው። ጊንተር ተቀይሞ ሳይሆን ፈርቶ ነው የነገረኝ።

በቀደም አሎይዝ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ትሩዳ በር ላይ ትኖር እንደሆነ ወደ ላይ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሁበርት፣ ጃፓን ውስጥ አዲስ ነገር ሠርተዋል ይባላል። አንተ ኢንተርኔት ትችላለህ።"

ሐኪሟ ያለችውን ሁለታችንም አብረን ነው የሰማነው።

"እስቲ አያለሁ" አልኩት።

"ለእሷ እንዳትነግራት።"

"አልነግራትም።"

ትከሻዬን መታ አደረገኝና የገዛውን ዳቦና ድንች ይዞ ቀስ እያለ ወጣ። እኔም ቤቴ ገብቼ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩና ምን ብዬ እንደምፈልግ ሳላውቅ ከፊቱ ተቀመጥኩ።